ያልተፈተለ ጥጥ

ሰበታ፣ መስከረም 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት ጥሩሰው፤

አዲሱን ዓመት በጤና ያሳየን አምላክ፣ አንቺንም በሰው አገር ካለሽበት ቤት አይለይሽ። የክረምቱ ጭቃ ገና ከበራችን አልወጣም እንጂ እኛ ደህና ነን። እኛ ስልሽ አባትሽንም ጨምሬ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እኔ ዘንድ ናቸው። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ ሰው እፎይ ካለ በኋላ መንገዱ እንደገና መዘጋት ሲጀምር፣ ቡራዩ ላይ ብቻቸውን ሆነው ሐኪማቸው ጋ መድረስ አቃታቸው። «የወንድምዎ ቤት እያለ ለምን ብቻዎን ይሆናሉ» ብዬ አመጣኋቸው። አንቺ ያደግሽበት ክፍል ውስጥ ናቸው። አልጋው አጠረኝ ይላሉ።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን ስለሚያቆሙ ነው። ደግሞም በስልክ ማውራት አይሆንልኝም። የምናገረው ትዝ የሚለኝ ከተዘጋ በኋላ ነው። ወረቀት ግን ይጠብቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱሉልታው ተክሉ በሐምሌ ካንቺ ይዞላቸው የመጣው የኤሌክትሪክ ማጨሻ ከደረሰ ወዲህ አባትሽ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም። ያን ያህል ዘመን ከጫንጮ በጭነት መኪና ድንጋይ ሲያመላልሱ በቀን ሁለት ፓኮ የጨረሱ ሰው! የቡራዩውንም ቀን ጨምረው፣ በየቀኑ በሩ ላይ በጠመኔ ጭረት ያደርጋሉ። ዛሬ ሃምሳ ስድስት ሆኗል። ሳሉ ቀንሶላቸዋል። ከቤት እስከ ገበያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆሙት።

አሁን ግን ውስጡ ያለችው የምትግለው ነገር ተቃጠለች። ትርፍ ብለሽ የላክሻቸው አምስቱ አልቀው፣ ያለችው የመጨረሻዋ ናት። እሷም የተቃጠለ ጨርቅ ትሸታለች። ሰበታ ውስጥ የሚሸጥ የለም፤ አዲስ አበባም ፒያሳ ድረስ አስጠይቄ አጣሁ። ትናንት አባትሽን ከኦቦ ኢተፋ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመው መደርደሪያውን ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ምን ፈልገው ነው?» አልኳቸው።

«ክብሪት» አሉኝ።

ክብሪት ቤት ሞልቷል።

ልጄ፣ እባክሽ በቶሎ ላኪልን። አንዱን ወንድም በዚህ ሳል ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛውን እንዳልሸኝ እርጂኝ።

የአጎትሽ የገብረየስ ሚስት፣
የሺወርቅ


ሼፊልድ፣ መስከረም 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺወርቅ፤

ሰላምዎ ይብዛ፣ ቤትዎ አይጉደል። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቼ ማን ይሆን አልኩ። እርስዎ መሆንዎን ሳውቅ ሳልከፍተው ትንሽ ቆየሁ። እኔ ሳውቅዎ ደብተሬን ገልብጠው ይይዙት ነበር፤ በዚህ አይቀየሙኝ። መቼ ተማሩ?

አባዬን ስላስጠጉልኝ ምን እላለሁ። እናቴ ስትሞት እኔን ተቀበሉ፣ አሁን ደግሞ እሱን።

መጥፎ ወሬ ላስቀድም። በዚህ ሳምንት ሊመጣ የነበረው ሰው የአገሩን ሁኔታ ሰምቶ ጉዞውን ሰረዘ። ሌላ የሚመጣ አላገኘሁም። ዕቃውን በፖስታ ብልከውም መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤአለሁ፤ አይሳቁብኝ። እርስዎ ራስዎ ይሠሩታል።

የምሠራበት ሱቅ የሚሸጠው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች እቤታቸው እንዴት እንደሚሠሩት የማሳየው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይመጣሉ። እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰው እንኳ በሁለተኛው ቅዳሜ ሠርቶ ይሄዳል። በእጁ እንደ እርስዎ የተካነ ሰው አላውቅም።

ማጨሻው የመጣበትን ካርቶን ሥሩን ይመልከቱ። ሁለት ትንንሽ ብሎን ያለው ክብ ብረት አለ። እሱ ነው የሚሠራበት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካርድ ላይ የጠቀለልኩት ሽቦ አለ፤ የምድጃ ሽቦ ዘመድ ነው፣ ግን በጣም ቀጭን ነው። የምድጃውን እንዳይሞክሩ።

መጀመሪያ ባትሪውን ያውጡ። ሁልጊዜ ባትሪው መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያ የሦስት ሚሊ ፑንታ፣ ማለት የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ ምድጃ ከሚጠግን ሰው ይዋሱና ሽቦውን በላዩ ላይ ሰባት ጊዜ ይጠምጥሙት፤ ዙሮቹ ትከሻ ለትከሻ ይነካኩ። እኛ ኮይል የምንለው ይህ ነው። የሚተርፉት ሁለት እግሮች ወደ አንድ ወገን ይውጡ። እያንዳንዷን እግር በአንዱ ብሎን ሥር አስገብተው ያጥብቁ፤ የተረፈውን ይቁረጡት። የተቆረጠው ጫፍ ሌላ ብረት ከነካ ኤሌክትሪኩ አጭር መንገድ ያገኛል፤ ባትሪውም ይግላል። ይህ አደገኛው ቦታ ስለሆነ እባክዎ በቴስተር ያስለኩት። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ያነካኩና የሚያሳየውን ከመጨረሻው ቁጥር ይቀንሱ። አንድ ኦም ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ጥሩ ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ባትሪ እንዳይገባ፤ ፈትተው እንደገና ይጠምጥሙት።

ልክ ከሆነ ባትሪውን መልሰው ቁልፉን ለቅጽበት ጫን ያድርጉት። ኮይሉ ከመሐል ወደ ዳር እኩል መቅላት አለበት። ሲቀዘቅዝ ጥጥ በውስጡ ያሳልፉ፣ ጫፎቹን ይከርክሙ፣ ኒኮቲን ያለበትን የማጨሻውን ፈሳሽ ያጠጡት፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ፈሳሹ ቆዳዎ ላይ ከፈሰሰ ይታጠቡ፤ ሲጠጣ መርዝ ነው። ስለ ጥጡ ግን እኔ ለእርስዎ ምን እናገራለሁ? ሰበታ ላይ ከእርስዎ በላይ ጥጥ የሚያውቅ የለም። ንጹሕ ይሁን፣ በቃ።

እዚህ ያለ ሐኪም ይህ ነገር ጤና ነው አላለኝም። ከሲጋራ ይሻላል ነው ያለኝ። አባዬ እስኪተወው ድረስ ያድርሰን።

አክባሪዎ፣
ሳምሪ


ሰበታ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት፤

ከክፉ ሁሉ ያራቀሽ ጌታ ይመስገን። እኛንም ጠብቆናል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ በተከፈተ ማግስት ነው። ከኢሬቻው በኋላ እዚህ የሆነውን ሰምተሽ ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ሲነዱ ጭሱ በፉሪ በኩል ሁለት ቀን ቆሞ ነበር። ስለዚያ በወረቀት አልጽፍም። ኢንተርኔትም የለም፣ አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል። ቤታችንን የነካው የለም።

ሽቦሽን ይዤ ከድሩ ጋ ሄድኩ። ታስታውሺው እንደሆነ ምድጃና ሬዲዮ የሚጠግነው ነው፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ተቀምጬ ራሴ ጠመጠምኩት። ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ በአራተኛው ልክ መጣ። ከድሩ አንስቶ አየው።

«እትዬ የሺ፣ ይሄ የማን ምድጃ ነው? የአይጥ?»

«የጋሽ ጥሩሰው ነው።»

«ምን ሊጠብሱበት?»

«ሲጋራ ሊተዉበት።»

ጆሮው ላይ ሰክቷት የነበረችውን ሲጋራ አወረደና ኪሱ ከተታት። ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። በቴስተሩ እንዳልሽው ለካ፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አለ። ጫን ሲያደርገው ከመሐል ቀላ። «ሥራ ከፈለጉ ጎኔ ወንበር አለ» አለኝ። ልጄ፣ አልዋሽሽም፣ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ፈገግ እያልኩ ነው የመጣሁት።

ጥጡን ቤት ሠራሁት። ካባዘትኩት ላይ ቆንጥሬ በእንዝርት አከረርኩት፤ ሁለት አድርጌ ገመድኩት፤ እንደገና አከረርኩት። መርፌ መስሎ ቀጥ እስኪል ድረስ። ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ ፈትዬ አላውቅም። በኮይሉ ውስጥ አሳለፍኩት፣ ፈሳሹን አጠጣሁት፣ ጠበቅኩ፣ ሰጠኋቸው።

አባትሽ አንድ ጊዜ ሳቡ። ሁለተኛ ሲስቡ ያዛቸው። ሳሉ አልቆም አለ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሲተነፍሱ በመጀመሪያ ያሉኝ፣ «ነዳጅ አይደርሳትም! ይቺ መኪና ነዳጅ አይደርሳትም!» ነው። እኔ ልብ ብዬ አልሰማኋቸውም። ያ ወንበር የገብረየስ ነው። እዚያ ላይ ያየሁት እሱን ነው።

ተነስተው ወጡ። ኢተፋ ሱቅ ዝግ ነበር፤ አድማ ነበረና። በማግስቱ ግማሽ በር ከፈተ። አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዝተው መጡ። አላጨሱትም። በሩ ላይ፣ ከጭረቶቹ በላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ሰኩት።

«ስኮርታ ናት» አሉኝ። «ጎማ ሲፈነዳ ምን ልሆን ነው?»

አሮጌዋን በሙቅ ውሃ አጥበው አድርቀው በእሷ እየተንገታገቱ ነው። ቆሎ ይቆረጥማሉ። በየጠዋቱ ጭረት ሲያደርጉ ዓይናቸው ወደዚያ ስንጥቅ ይሄዳል።

እኔ ግን ከእንግዲህ አልነካውም። እጄ አንድ ጊዜ የሠራውን አውቃለሁ። የሚበቃ ሰው ፈልጊላቸው። ካልተገኘም እግዚአብሔር ያውቃል።

የሺወርቅ


ሼፊልድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺወርቅ፤

ያለሁበት ቤት የእርስዎን ሰላም ይመኛል። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ቀደድኩት። የዘገየሁት ስለ ጥጡ አይደለም፤ የጥጡ ነገር በሁለት መስመር ያልቃል። እሱን ላስቀድም፣ አባዬ እየጠበቀ ስለሆነ።

ጥጡ አይፈተልም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባለሙያ ናቸው ብዬ ሳልነግርዎ ቀረሁ። እዚህ ያሉት ጀማሪዎች አንዳቸውም ይህን ስሕተት ሊሠሩ አይችሉም፤ መፍተል የሚችል የለም። የከረረ ፈትል ፈሳሽ አያሳልፍም። መሐሉ ደርቆ ይቃጠላል፤ አባዬ የሳበው የተቃጠለ ጥጥ ነው። «ነዳጅ አይደርሳትም» ማለቱ ልክ ነበር፣ ከእኔ ቀድሞ ነው ያወቀው። ባዘቶውን አፍልተው ያድርቁት። ከዚያ እንዳለ፣ ሳይጠመዘዝ፣ በኮይሉ ውስጥ ያሳልፉት። ሲጎተት ትንሽ ያዝ ካደረገ ይበቃል።

ሌላው ነገር ይህ ነው። «እጄ አንድ ጊዜ የሠራውን አውቃለሁ» ብለው ጽፈዋል። የእርስዎ እጅ አይደለም እትዬ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሼ ገብረየስ ከሆስፒታል ሲመለስ ሲስተሯ በአማርኛ የጻፈችለት የምክር ወረቀት ይዞ መጣ። እርስዎ ወጥ ቤት ነበሩ። በር ላይ ያዘኝና፣ «ሲጋራውን አታንብቢላት፤ ብርድ አይንካው፣ ቅባት ይቀንስ ይላል በያት» አለኝ። ዓይኑን ጠቀሰኝ። ጨዋታ መሰለኝ። እርስዎ እጅዎን አደራርቀው መጥተው ወረቀቱን ከእሱ ተቀብለው ሰጡኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ ያልተጻፈውን አነበብኩልዎ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ጨመርኩ። ብርድ አይንካው ከተባለ መስኮትም ይዘጋል ብዬ፣ «መስኮት አይከፈት» አልኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መስኮቱ ተከፍቶ አየር ይግባ የሚል ነበር። እርስዎ በዚያው ቀን ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፉት። ዓመቱን ሙሉ። እሱ እዚያ ውስጥ እያጨሰ።

ያን ጨርቅ ሲወትፉ ቆሜ አይቻለሁ፣ አልተናገርኩም። ከሞተ በኋላም አልተናገርኩም። ከአገር የወጣሁ ጊዜ ሊስሙኝ ሲመጡ ፊቴን ያዞርኩት ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልዎም ለዚህ ነው።

አሁን የፈቀዱትን ያድርጉኝ። ግን አባዬን ስለ እኔ ብለው አይተዉት። ጥጡን ሳይፈትሉ አንድ ጊዜ ይሞክሩት።

ሳምሪ


ሰበታ፣ ኅዳር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምሪ፤

እንባሽን የሚያብስ አምላክ በአጠገብሽ ይሁን። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ መልስ እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት እንድትጠብቂ አላደርግሽም።

መቼ ተማርሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ገብረየስ ከሞተ፣ አንቺም ከሄድሽ በኋላ ነው። ኢተፋ ስኳር የሚጠቀልልበትን ጋዜጣ እያሳየሁት፣ ይቺ ማን ናት፣ ይቺስ ማን ናት እያልኩ። «ነጋዴ ነኝ እንጂ የኔታ መሰልኩሽ?» ይለኛል፤ ግን አንድም ቀን አልመለሰኝም። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሚሌኒየሙ ሲከበር የልብስ ሣጥኔን አራግፌ ያን ወረቀት አገኘሁት። ራሴ አነበብኩት። ስለዚህ ልጄ፣ የነገርሽኝን ካወቅሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ያን ቀን ለአንድ አፍታ ተናድጄብሽ ነበር፤ አልደብቅሽም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሲጋራውን ከኢተፋ የሚገዛው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣለት ነበር። ሳልገዛለት ስቀር ያኮርፋል፤ ስገዛለት ይስቃል። ሳቁን ወደድኩ። መስኮቱ በተወተፈበት ክፍል እየፈተልኩ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። እሱ ሲስል እሰማ ነበር። ያን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። እኔ የተሸከምኩት ይህን ነው እንጂ ያንቺን ንባብ አይደለም።

ትናንት ደግሞ ደብዳቤሽን ለአባትሽ አነበብኩላቸው። ሳልዘል አነበብኩላቸው፤ ይቅር በይኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ?

«ገብረየስ እኮ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል።»

«እሺ?»

«ማንበብ ይችል ነበራ! ወረቀቱ የተጻፈው ለማን ነው? ላንቺ ነው? ለሕፃኗ ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ያን ወረቀት ሳገላብጥ ይህ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ገብረየስ አንብቦታል። አውቆ ነው። ልክ አባትሽ አውቀው ያቺን ሲጋራ በር ላይ እንደ ሰኩት።

ቀጥለው፣ «በይ ባዘቶሽን አምጪ» አሉ።

አፍልቼ አድርቄ አመጣሁ። ሳምሪዬ፣ ምን ያህል ቸገረኝ መሰለሽ! ጥጡን ስይዘው ጣቶቼ ሳላዛቸው ያከሩታል። ያልተፈተለ ጥጥ ሥራ ላይ ማዋል፣ ሊጡ ሳይጋገር ለእንግዳ እንደማቅረብ ሆነብኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳላውቀው ገመድ አደረግኩት። በመጨረሻ አባትሽ ነጠቁኝ። ያ ባለ ወፍራም ጣት ሾፌር፣ መፍተል በዞረበት ያልዞረ ሰው፣ እንደ ምንም አሳለፈው! እኔ ኮይሉን ሠራሁ፣ እሳቸው ጥጡን አስገቡ። ጫፉን በምላጭ ከረከምኩ። አጠጣነው። አምስት ደቂቃውን በሰዓታቸው ቆጠሩ፤ አምስቱ ሲሞላ ለራሳቸው ሁለት ጨመሩ። ለካ ፈርተዋል።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሲስቡ ሰማሁ። ሳሉን ጠበቅኩ። አልመጣም። እንደገና ሳቡ። አሁንም አልመጣም። ዞር ስል ነጭ እንፋሎት ከአፋቸው እየወጣ፣ እሳቸው ማጨሻውን ከፍ አድርገው እንደ ሞተር እያዳመጡት ነው።

«ተነሣች» አሉ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ። እሳቸው ደግሞ በእኔ ሳቁ።

አንድ ነገር አልሸሽግሽም። በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ቀን ያህል በሩ ላይ ጭረት አልተጨመረም። አልጠየቅኳቸውም፤ አንቺም አትጠይቂ። ዛሬ ጠዋት አዲስ ጭረት አድርገው፣ ያቺን ከስንጥቁ አውጥተው ኢተፋ ጋ ሄዱ። ተከትያቸው ሄድኩ።

«አካም ጅርታ ኦቦ። ይቺን መልስልኝ።»

ኢተፋ አገላብጦ አያት። «ጋሽ ጥሩሰው፣ በሃያ ዓመት ነጋዴነቴ ሲጋራ ሲመለስ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ምን ጎደላት?»

«ምንም አልጎደላትም። እኔ ነኝ የጎደልኩባት።»

በምትኩ ክብሪት ሰጣቸው። ክብሪት ቤት ሞልቷል፤ ግን ተቀበሉ።

አሁን እፎይ በይ። ፊትሽን አዙረሽ እንደ ሄድሽ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሻንጣሽ ከበደሽ ወይ ብዬ መጨነቄን ነው።

እናትሽ ባልሆንም ያሳደግኩሽ፣
የሺወርቅ


ሼፊልድ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺወርቅ፤

የቤትዎን በር የባረከ ይባርክዎ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ አነበብኩት፤ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ በእግሬ ተመለስኩ፣ አልቸኮልኩም።

ስለ ሌላው ምን ልበል። «ሕፃኗ» ያለው አባዬ ነው አይደል? ያን ቃል ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። እኔ ሳስበው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነበርኩ።

ቅዳሜ ለተማሪዎቼ የእርስዎን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ስለ ፈትሉ ብቻ። አንድ አሮጌ የብረት ሠራተኛ፣ «ጥጥ እስከዚህ የሚያውቁ ከሆነ የሚያባዝቱትን ይላኩልን በያቸው» አለኝ። እኛ በፓኬት ታሽጎ የሚመጣውን ነው የምንጠቀመው። እስከ ዛሬ ላኪልኝ ሲሉኝ ቆዩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልለምንዎ። ትንሽ ባዘቶ ይላኩልኝ። የሚሸጥ አይደለም። ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ይልቅስ ሽቦ ጨምሬ ልኬአለሁ። አባዬ ስንት ጭረት ደረሰ?

ልጅዎ፣
ሳምሪ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምሪ፤

ለልደቱ አራት ቀን ቀርቶታል፤ በደስታ ያድርስሽ። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ ልጆቹ ከስልካቸው አንገታቸውን አያቀኑም። እኔ ግን ወረቀቱን አልተውም።

ባዘቶው ይኸው። የተባዘተው በአባትሽ እጅ ነው። እጃቸው ሥራ ሲፈታ ኪሳቸውን ይዳብሳል፤ ስለዚህ የማባዘቻውን ደጋን አስያዝኳቸው። ጎረቤት ሁሉ ሾፌሩን ሊያይ መጣ። ከድሩ፣ «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት ወይ ለዚህ?» ቢላቸው በደጋኑ አባረሩት። እሱም ኮይል ይጠምጥሙልኝ ብሎኛል። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ጆሮው ላይ ግን ምንም የለም።

ጭረቱን አልቆጠርኩልሽም። በሩን ለበዓል ስናጥበው አብሮ ጠፋ። «ልደግመው?» አልኳቸው፤ «ተይው፣ መንገዱ ሲለምድ ኪሎ ሜትር አይታይም» አሉ። ፈሳሹንም ኒኮቲኑ ከሚያንሰው አድርጊልን፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።

ጥጡ የተጠቀለለበትን ወረቀት ታውቂዋለሽ። የሆስፒታሉ ማኅተም ደብዝዟል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ልጥለው አሰብኩ፤ ላቃጥለውም አሰብኩ። ኋላ ሳየው ደህና ወፍራም ወረቀት ነው፤ ጥጡን ከእርጥበት ያድናል ብዬ ጠቀለልኩበት። ሲደርስሽ አንብቢው ወይም ጣይው። እኔ ዘንድ የነበረውን ሥራ ጨርሷል። ያንን መስኮት ደግሞ አሁን እንደ ተከፈተ ነው የምንተኛው፤ አባትሽ በብርዱ ያማርራሉ፣ ይዝጉት ስላቸው ግን አይዘጉትም።

አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ሆነው ምን እየጻፍሽ ነው ይሉኛል። የሚጨምሩት አለ ወይ አልኳቸው። ሳብ አድርገው አሰቡ።

«ነዳጅ ይደርሳታል በያት» ይላሉ።

የሺወርቅ